ውጭኛውን በሬ መግፋት፦ ስለ ቶርክ ቬክተሪንግ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስምንት ዓመት ዱባይ ውስጥ የቅንጦት መኪና ለሚያከራይ ድርጅት መኪና እያመላለስሁ ሠርቼ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመልሻለሁ። አሁን ሥራዬ ሌላ ነው፤ ጥያቄው ግን አልተወኝም። መኪና ሊገዛ አዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ሻጩ የሰጠውን ወረቀት ፎቶ አንሥቶ ይልክልኛል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በወረቀቶቹ ላይ «ቶርክ ቬክተሪንግ» የሚል ቃል እየበዛ መጥቷል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት አንድ ጊዜ ጽፌ ባስቀምጠው ይሻላል።

ቶርክ ቬክተሪንግ ማለት ምን ማለት ነው?

እርሻ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት መካኒክ መሆን አያስፈልገውም። አያ የምለው ታላቅ ወንድሜ ሉማሜ አጠገብ ያርሳል። ትልሙ ዳር ደርሶ ጥማዱን ሲመልስ ሁለቱ በሬዎች እኩል አይራመዱም። የውስጡ በሬ ከቆመበት ብዙም ሳይርቅ እግሩን እየቀያየረ ይዞራል፤ ውጭኛው ግን ሰፋ ያለ ዙር መሄድ አለበት። ሁለቱም እኩል ቢገፉ ጥማዱ መዞሩን ትቶ ቀጥ ብሎ ወደ ጎረቤት ማሳ ይገባል። አያ የሚያደርገው ትንሽ ነገር ነው፤ ጅራፉን በውጭኛው በሬ በኩል ብቻ ያስጮሃል። ያ በሬ ፈጠን ፈጠን ሲል ጥማዱ በራሱ ይዞራል።

መኪናውም እንዲሁ ነው። ኩርባ ላይ የሞተሩ ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ እኩል መድረሱ ቀርቶ ለውጭኛው በርከት ብሎ ይሰጠዋል። መኪናው በመሪው ብቻ ሳይሆን በሚገፉት ጎማዎችም ይታጠፋል ማለት ነው።

ተራ ዲፈረንሻል፣ ማለትም ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው የማርሽ ክፍል፣ ይህን አያደርግም። የእሱ ሥራ ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲሽከረከሩ መፍቀድ ነው፤ ይህም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። የግራና የቀኝ ጎማዎቹ በ1.6 ሜትር የሚራራቁ መኪና ዞሮ ወደ መጣበት ሲመለስ ውጭኛው ጎማ ከውስጠኛው 5 ሜትር ያህል አብልጦ ይጓዛል። ኩርባው ቢጠብም ቢሰፋም ልዩነቱ ያው 5 ሜትር ነው። ዲፈረንሻል ይህን ልዩነት ይፈቅዳል፤ የማዞሪያ ኃይሉን ግን ለሁለቱም እኩል ያካፍላል። አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ባዶውን ሲሽከረከር፣ ደረቅ መሬት የረገጠው ሌላው ጎማ ለመንቀሳቀስ አቅም የሚያጣውም ለዚህ ነው፤ የሚደርሰው ለሚንሸራተተው ከሚበቃው አይበልጥም።

መኪናዬ ፎር ዊል ነው፤ ታዲያ አለው ማለት ነው?

ላይኖረው ይችላል። የእኛ አገር ሰው «ፎር ዊል» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያስበው በፊትና በኋላ መካከል ስላለው ክፍፍል ነው። ለምሳሌ ፕራዶ 150 መሀል ላይ ቶርሰን የሚባል ዲፈረንሻል አለው፤ ጉልበቱን በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያመጣጥናል። ኩርባ ላይ «ውጭኛውን ልግፋ» የሚል ሐሳብ ግን የለውም። ሂሉክስ ላይ ደግሞ ፎር ዊሉን ሲያስገቡ የፊትና የኋላው አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ በደረቅ አስፋልት ላይ እንዲህ አድርጎ መንዳት ማርሹን ማሠቃየት ነው።

የዲፈረንሻል መቆለፊያ ደግሞ የቶርክ ቬክተሪንግ ተቃራኒ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መቆለፊያው ሁለቱን ጎማዎች በአንድ ፍጥነት እንዲሽከረከሩ ያስገድዳል። ለጭቃ መልካም ነው፤ ኩርባ ላይ ግን መኪናውን ቀጥ ብለህ ሂድ ይለዋል።

ሲነዱት ምን ይሰማል?

መጀመሪያ የገባኝ አል ዐይን አጠገብ ባለው በጀበል ሐፊት ተራራ ላይ ነው። ተራራው ላይ ወዳለ ሆቴል መኪና አድርስ ተብዬ በሌሊት ተነሥቼ ሄድሁ፤ መንገዱ ባዶ ነበር። መኪናው ቢኤምደብሊው ኤክስ 6 ነው፤ ከ2 ቶን በላይ የሚመዝን፣ ከፍ ብሎ የሚቆም። እንዲህ ያለ ከባድ መኪና ዳገት ኩርባ ላይ ነዳጅ ሲሰጡት የሚያደርገውን አውቅ ነበር። አፍንጫው ወደ ውጭ ይሸሻል፣ መሪ ይጨምሩለታል፣ ጎማው ያለቅሳል፣ በመጨረሻ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ላይ ያነሣሉ። እኔም ይህንኑ ጠብቄ መሪውን አስቀድሜ አብዝቼ አዞርሁ።

ኩርባው መሀል ላይ ነዳጅ ስሰጠው ግን አፍንጫው ወደ ውስጥ ገባ። ያዞርሁት መሪ በዝቶ ተገኘ፤ ጥቂት መመለስ ነበረብኝ። ስሜቱ ከእጅ ይልቅ ዳሌ ላይ የሚታወቅ ነው። አንድ ሰው ከኋላ፣ በውጭ በኩል ያለውን ጎን በመዳፉ ወደ ፊት የገፋው ይመስላል። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ሆን ብዬ ቀደም ብዬ ረገጥሁ፤ መኪናው ይበልጥ ታጠፈ። ነዳጅ መስጠት ማጠፍ ሆነ። ለዓመታት «ኩርባ ላይ እግርህን አንሣ» እየተባለ ለተማረ ሹፌር ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ እስኪለምዱት ድረስ እግር አያምንም።

አውዲ ኤስ 4 ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። መኪናው ዝቅ ያለና ቀለል ያለ ስለሆነ የሚገፋዎት መዳፍ አይሰማዎትም፤ ኩርባው ራሱ ከጠበቁት የቀለለ መስሎ ያልፋል። እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ። ጥሩ ረዳት ሥራውን ሲሠራ ድምፁ አይሰማም።

በቅንጦት መኪና ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ እንግዳ ስለዚህ ነገር ምንም አያውቅም። የሚያውቀው ጭንቅላቱ ከጎን ወደ ጎን አለመወዛወዙን ነው። ሹፌሩ መሪውን መጨመርና መመለስ ስለሚቀርለት መኪናው በአንድ ወጥ መስመር ያልፋል፤ በእጁ የያዘው ቡና አይፈስበትም።

ነገሩ አንድ የሚያስፈራ ጎን አለው። ክብደትን ይደብቃል። 2 ቶን መኪና እንደ ትንሽ መኪና ሲታጠፍ ያዩት ሰው ሲቆምም እንደ ትንሽ መኪና የሚቆም ይመስለዋል። ፍሬን ሲይዙ ግን ክብደቱ ያው ክብደት ነው። የጎማው የመያዝ አቅምም አልጨመረም፤ የነበረው ብልሃት በተሞላበት መንገድ ተከፋፈለ እንጂ።

ሁሉም ዓይነት አንድ ነው?

አይደለም። ሻጮች የሚያድበሰብሱትም እዚህ ላይ ነው። በኔ አከፋፈል ሦስት ዓይነት አለ።

አንደኛው በፍሬን የሚሠራው ነው። ኮምፒውተሩ የውስጠኛውን ጎማ ፍሬን በስሱ ይይዛል፤ በዲፈረንሻሉ ጠባይ የተነሣ የማዞሪያ ኃይል ወደ ውጭኛው ያደላል። በአያ ጥማድ ቢሆን ውጭኛውን ከመግፋት ይልቅ የውስጡን በሬ መያዝ ማለት ነው። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ዛሬ በብዙ ተራ መኪናዎች ላይም ይገኛል። ፖርሸም ይህን ብልሃት በኋላ የውስጠኛ ጎማ ላይ ይጠቀምበታል፤ ከሚቆለፍ ዲፈረንሻል ጋር ስላጣመረው ግን የሚሰጠው ስሜት ከተራዎቹ የላቀ ነው። ድክመቱ ግልጽ ነው፤ ጉልበት ወደ ሙቀት እየተለወጠ ይባክናል፣ የፍሬን ሸራም ይበላል።

ሁለተኛው በማርሽና በፍሪሲዮን የሚሠራው ነው። ኋላ ዲፈረንሻሉ ጎን በኮምፒውተር የሚታዘዙ የፍሪሲዮን ሸራዎች ተጨምረው ጉልበቱን ወደሚፈለገው ጎማ ይመራሉ። ለእኔ ስሙ የሚገባው ይህኛው ነው። ሚትሱቢሺ በ1996 (እዚህ ክፍል ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በላንሰር ኢቮሉሽን 4 ላይ አወጣው። ሆንዳ በ2004 ሌጀንድ የተባለውን የቅንጦት መኪናውን ሲያወጣ ለኋላ ከሚደርሰው ኃይል ሁሉንም ወደ አንዱ ጎማ መላክ የሚችል አደረገው። ቢኤምደብሊው ኤክስ 6ን፣ አውዲም ኤስ 4ን በዚህ መንገድ ለገበያ ያቀረቡት በ2008 ነው። በእነዚህ በሁለቱ የተጨመረው ማርሽ ውጭኛውን ጎማ ከተፈጥሮ ፍጥነቱ በላይ ሊገፋው ስለሚሞክር፣ ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ ላይ ባነሣበት ጊዜም ይሠራሉ። ይህ ነጥብ ስለ ዓባይ በረሃ ስናወራ ይመለሳል።

በዚህ ዓይነት ውስጥ ቀለል ያለ ሥሪትም አለ። የ2019 ሞዴሉ ቶዮታ ራቭ 4 በአንዳንድ የቤንዚን ሞዴሎቹ ላይ እስከ ግማሽ የሚደርስ ኃይል ወደ ኋላ ልኮ ያን በግራና በቀኝ ያከፋፍላል። የዚያው መኪና ሃይብሪድ ግን ኋላ ላይ ያለው አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ሁለቱ ሲሸጡ አንድ ናቸው ቢባሉ አይመኑ።

ሦስተኛው ለእያንዳንዱ ጎማ የራሱን ሞተር የሚሰጠው ነው። መርሴዲስ በ2013 ኤስኤልኤስ የተባለውን የስፖርት መኪናውን በአራት የኤሌክትሪክ ሞተር ሠርቶ ነበር፤ በ2024 ደግሞ ባለ አራት ሞተር ጂ 580ን አወጣ። የአውዲ ኢ-ትሮን ኤስ ሦስት ሞተር አለው፤ ሁለቱ ኋላ ናቸው። ግራና ቀኝ ጎማ የየራሳቸው ሞተር ባላቸው በኩል በመካከላቸው ማርሽ የለም፣ ዲፈረንሻልም የለም። ውጭኛውን በሬ ከመግፋት አልፎ ለእያንዳንዱ በሬ የራሱን አራሽ መቅጠር ነው። ፍጥነቱ ይገርማል፤ እኔ ግን ስነዳቸው አንዳንድ ጊዜ ከመኪናው ይልቅ ኮምፒውተሩን የምነዳ ይመስለኝ ነበር።

የዓባይ በረሃን ስወርድ ይረዳኛል?

ከሁሉ አብዝቶ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሴም ብዙ ሰው ያስከፋል። ሲወርዱ የሚጠቅምዎት በጣም ጥቂት ነው።

ከጎሃ ጽዮን ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሁለቱም አፍ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወርደው የህዳሴ ድልድይን ይሻገሩና መልሰው ያን ያህል ይወጣሉ። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ቦታ ቦታ ላይ እንደ ማዕበል ተጣጥፏል። ከፊትዎ ደግሞ ሲሚንቶ ወይም ማዳበሪያ የጫነ ተሳቢ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ አለ። በዚህ ሁኔታ ኩርባ ላይ አፍንጫዎ ወደ ውጭ እስኪሸሽ ድረስ የሚፈጥኑበት ምክንያት የለም፤ ከፈጠኑም ችግሩ ሌላ ነው።

ቁልቁለት ላይ መኪናው የሚፈልገው የሚገፋው ሳይሆን የሚይዘው ነው። ብዙዎቹ ሥርዓቶች ጉልበት የሚያከፋፍሉት ነዳጅ ሲሰጥ ነው፤ የሚከፋፈል ጉልበት ከሌለ ሥራ የላቸውም። እግር ሲነሣም የሚሠሩት ሁለቱ የጠቀስኋቸው መኪኖች አፍንጫቸውን ቀጥ አድርገው ያወርዱዎታል እንጂ ክብደቱን አይሸከሙልዎትም። በፍሬን የሚሠራው ደግሞ ያንኑ የሚግለውን ፍሬን ነው የሚጠቀመው። ስለዚህ ዝቅ ያለ ማርሽ አስገብተው በሞተር እየያዙ መውረድን የሚተካ ነገር የለም። በኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ደጀን ላይ ግን ባትሪውን ጢም አድርገው ሞልተው አይውረዱ፤ የሞላ ባትሪ የሚገባበት ቦታ ስለሌለ መያዙን ይቀንሳል፣ ሸክሙም ወደ ተራው ፍሬን ይመለሳል።

ሲወጡ ነገሩ ይለወጣል። ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲያቀኑ ጠባብ ኩርባ፣ ዳገት፣ ነዳጅ ላይ ያለ እግር፤ ሁሉም አንድ ላይ ይገናኛሉ። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ የውስጠኛው ጎማ ይቀልና መንሸራተት ይጀምራል። እዚያ ላይ ጥሩ ቶርክ ቬክተሪንግ ያለው መኪና ጉልበቱን ወደ ከበደው ውጭኛ ጎማ አሻግሮ ያለ ጩኸት ይወጣል። ልዩነቱ በግልጽ ይታወቃል። ለሃያ ደቂቃ ዳገት ሲባል ምን ያህል መክፈል እንደሚገባ እርስዎ ያውቃሉ።

ደብረ ማርቆስ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ መኪናው አይደክምም?

ሞተሩ ይደክማል። በ2,400 ሜትር ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ (አየር አስገድዶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። ተርቦ ያለው ብዙውን ይመልሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ምንም አይጎድልበትም። የሚከፋፈለው ጉልበት ሲያንስ የማከፋፈሉም ስሜት ያንሳል፤ ጀበል ሐፊት ላይ የወደዱት መኪና እዚህ ሲመጣ ቢያሳዝንዎት አይደነቁ።

ክረምት ላይ ዋልካ ጭቃ ውስጥስ?

ዋልካ ማንንም አያከብርም። የጎማውን ጥርስ በሞላ ይሞላና ጎማውን ለስላሳ ድቡልቡል ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ጉልበቱን ለግራ ቢሰጡት ለቀኝ ቢሰጡት አራቱም የሚረግጡት ሳሙና ነው።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። ባለፈው ሐምሌ በውሰት ባገኘሁት፣ ይህ ሁሉ ባለው መኪና ተመክቼ ወደ አያ ቤት ከአስፋልቱ ወጣሁ። 200 ሜትር ያህል እንደሄድሁ መኪናው በሆዱ ተቀመጠ። ዳሽቦርዱ ላይ ጉልበቱ ወደየትኛው ጎማ እንደሚሄድ የሚያሳይ ሥዕል አለ፤ አራቱም ቀስት ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ መኪናው ግን ንቅንቅ አይልም። አያ ከማሳው አይቶኝ ጥማዱን ፈትቶ መጣ። ቀንበሩ ላይ ጠፍር አስሮ፣ ምንም ሳይናገር፣ ሁለቱን በሬዎች አስጎተታቸው። ከወጣሁ በኋላ ነው «ይኸ ነው እንዴ የምትነግረኝ?» ያለኝ።

ለጭቃ ጥርሱ የጎላ ጎማ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ሆድና የዲፈረንሻል መቆለፊያ ይበልጣሉ። ወደ ጮቄ በሚያወጣው ዓይነት ደረቅ ኮረኮንች ላይ ግን ቶርክ ቬክተሪንግ ጥሩ ነው፤ ጠጠር ላይ ኋላው ሲሸሽ ቶሎ ይሰበስበዋል።

ኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ ነው፤ ሻጩ «ሁለት ሞተር ስላለው ቶርክ ቬክተሪንግ አለው» አለኝ። እውነት ነው?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ የየዕለቱ ሆኗል። መልሱ «ሞተሮቹ የት ናቸው?» የሚለው ላይ ነው። አንዱ ፊት፣ አንዱ ኋላ ከሆነ የሚከፋፈለው ከፊት ወደ ኋላ ነው። በየመንገዱ የምናየው ቮልስዋገን አይዲ 4 ባለ ሁለት ሞተሩ እንዲህ ነው፤ ግራና ቀኙን የሚያመጣጥነው በፍሬን ነው። ባለ አንድ ሞተሩ ደግሞ የሚገፋው በኋላ ጎማ ብቻ ነው፤ ፎር ዊልም አይደለም። ዝናብ ላይ እየነዱ ይህን ሳያውቁ መገኘት አያስደስትም።

በአንድ አክስል ላይ፣ ማለትም ለግራና ለቀኝ ጎማ የየራሱ፣ ሁለት ሞተር ካለ «አለው» ይበሉ።

አንድ ጎማ ብቻ ብቀይርስ?

አይቀይሩ። ጎሚስታው «ሦስቱ ገና ደኅና ናቸው» ይልዎታል፤ ልክ ነው፣ ለቪትዝ ቢሆን። እዚህ ግን ኮምፒውተሩ የሚያስበው በጎማዎቹ ፍጥነት ልዩነት ነው። አዲስ ጎማ ካለቀው በዙሪያው ስለሚበልጥ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ጎማዎቹ እኩል አይሽከረከሩም። የፍሪሲዮን ሸራዎቹ ያን ልዩነት ለመዋጥ ሁልጊዜ እየተፋተጉ ይግላሉ፣ በመጨረሻም ይቃጠላሉ። ከአራት ጎማ ዋጋ የሚበልጥ ኪሣራ ነው። ሁለት ዓይነት ስም ያለው ጎማ መቀላቀልም ያው ነው፤ የተጻፈው ቁጥር አንድ ቢሆንም ትክክለኛው ልክ ይለያያል። የጎማ አየርም በየሁለት ሳምንቱ ይለካ።

ዘይቱስ?

በፍሪሲዮን የሚሠራው የኋላ ዲፈረንሻል የራሱ ዘይት አለው፤ ተራ የካምቢዮ ዘይት አይገባበትም። መካኒኩ «ሁሉም ዘይት ነው» ካለ ቁልፍዎን ይቀበሉት።

ተጨማሪ ገንዘብ ልክፈልበት?

መንዳት የሚወዱ ከሆነና መኪናው ብዙውን ጊዜ ከማርቆስ ባሕር ዳር አስፋልት ላይ የሚውል ከሆነ፣ ደስታ ይሰጥዎታል። ከእንጅባራ ወዲያ ወዲህ ያሉ ኩርባዎች ላይ በዝናብ ሲያልፉ ያመሰግኑታል። መኪናው ቤተሰብ፣ ጤፍና በግ የሚያመላልስ ከሆነ ግን ያን ገንዘብ ለአራት ጥሩ ጎማና ለፍሬን ሸራ ያውሉት። በዚህ አገር ኩርባውን ካለፉ በኋላ የሚጠብቅዎት ብዙ ጊዜ ጋሪ፣ አህያ ወይም መሀል መንገድ ላይ የተኛ ጥጃ ነው፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ፍሬን ነው።

ሻጩ «አለው» ሲል እንዴት ላረጋግጥ?

ወረቀቱን ይተዉት። ሰውም ከብትም የሌለበት ሰፊ ደረቅ ሜዳ ይፈልጉ። መሪውን በግማሽ ያህል አዙረው ይያዙና በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄዱ ክብ ይዙሩ። ከዚያ መሪውን ሳያንቀሳቅሱ ፔዳሉን ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ክቡ እየሰፋ ወደ ውጭ ከወሰደዎት ምናልባት የለውም፤ ወይም ያለው በፍሬን የሚሠራው ነው። ክቡን ጠብቆ ከሄደ፣ ወይም ጭራሽ እያጠበበው መሪውን ጥቂት እንዲመልሱ ካስገደደዎት፣ ሻጩ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ በኋላ ጎማ ብቻ የሚገፋ ተራ መኪናም ግን እንዲህ ሊያደርግ ስለሚችል ይህ ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም።